በሰከንድ ሠላሳ አራት ሜጋ

ካርቱም ለሚገኘው ለታላቅ ወንድሜ ለደምለው በእጁ ይግባልኝ፤

ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰንብተሃል? ክረምቱስ እንዴት አለፈልህ? ዕቃ ስታወርድ የቀጨህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እንደነበረ ነው? ባለቤትህ ሠላማዊትስ ደህና ናት? ትንሹ ልጃችሁ ካሌብስ? ሹፌሩ ሽኩር ባለፈው ሲነግረን አማርኛውንም ዓረብኛውንም ደባልቆ ይናገራል፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ያ ዞል»፣ አንተ ሰው፣ እያለ ይጠራል አለን። እናታችን ይህን ሰምተው ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁ ነበር።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችን ጉልበታቸውን ትንሽ ከመያዛቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያንም አይቀሩም። ልጄ ወንጌል ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። አባቷ አለነ እንደምታውቀው ቋራ ውስጥ በአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ ትራክተር እየነዳ ነው፤ ሰሊጡ ተወቅቶ እስኪገባ አይመጣም። ወባው ዘንድሮ ቀለል ብሏል። ከተማው በአጫጅ ሞልቶ መንገዱ ማለፊያ የለውም፤ ከወሎም ከጎጃምም የመጣው ሰው በየአጥሩ ሥር ጥላ ፍለጋ ተኮልኩሏል። ሙቀቱ ያው ነው፤ ካርቱም ለሚኖር ሰው ደግሞ ስለ ሙቀት አይነገርም።

ይህን ሁሉ ስጠይቅህ እያፈርኩ ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ ስትደውል «ደህና ነን» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። በፋሲካ ደውለህ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለህ ሳትጨርስ ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁብህ። በሽኩር በኩል «ዙፋንን ምን አድርጌያት ነው?» ብለህ ያስጠየቅኸኝም ደርሶኛል፤ መልስ አልሰጠሁም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ ከማታውቀው ቁጥር ሦስት ጊዜ ተደውሎ «ሃሎ» ስትል የተዘጋብህ እኔ ነበርኩ። የጎረቤት ስልክ ነው። ድምፅህን ስሰማ የምጀምርበት ቃል ይጠፋኛል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ነገሩን ከሥሩ እነግርሃለሁ፤ አንብበህ የምትፈርደውን ፍረድ።

በ2008 ክረምት ኮምፒውተሬ አስቸገረኝ ብዬ ነግሬህ ነበር። የቀረጽኩትን ሰርግ ቆርጬ፣ ቀጥዬ፣ ዘፈን አስገብቼ እስካወጣው ድረስ ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ በመሐል መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከሀ። አንተ ከምትሠራበት የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ከራስህ ጎድለህ ያን ኤስኤስዲ የሚሉትን ፈጣን ዲስክ ላክህልኝ። ነሐሴ ላይ ሽኩር መኪናውን መተማ ዮሐንስ አቁሞ፣ ያን ሁሉ ጭቃ በባጃጅ አልፎ ገንዳ ውሃ ድረስ አመጣልኝ። መዳፍ የማይሞላ ቀጭን ጥቁር ዕቃ ነው። በካርቶኑ ውስጥ በእጅህ የጻፍካት ወረቀት ነበረች፦ «ራሴ ለክቼዋለሁ። በሰከንድ 538 ሜጋ ያነባል፣ 496 ይጽፋል። አሮጌው ዲስክሽ ሰማንያም አይሞላ። ከእንግዲህ ሙሽሮቹ መልስ ሳይጠሩ ቪዲዮው ይደርሳል» ብለህ ቀልደህበታል። ለእናታችን አነበብኩላቸው። ቁጥሩ ባይገባቸውም «ለክቶ ነው የላከልን» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ።

ዕቃውን ራሴ ለመግጠም ፈራሁ። ማንን እንደምጠራ አላወላወልኩም፤ ቢያድግልኝን ነው። እናቱ ስትሞት በስምንት ዓመቱ ወደ ቤታችን ገብቶ ከአንተ ጋር በአንድ አልጋ እየተኛ፣ ያጠረህን እየለበሰ ላደገ ሰው ሌላ ምን ማሰብ ነበረብኝ? ሱቁ አሁንም መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ኮምፒውተርና ሞባይል ይጠግናል፣ በፍላሽና በሚሞሪ ዘፈንና ፊልም ይጭናል። እሁድ እሁድ እናታችን ጋ ምሳ ይበላል፤ እሱ ሳይመጣ እንጀራው አይቆረስም ነበር።

መጥቶ ዕቃውን በእጁ አገላበጠው። «ደምለው ጥሩ ነገር መርጧል» አለ። ቀጥሎም የእናንተ ሰፈር መብራት አያስተማምንም፣ እኔ ጋ ጄኔሬተር አለ ብሎ ኮምፒውተሩንም ዲስኩንም ተሸክሞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን መለሰው። ስናበራው ቶሎ ተነሣ፤ ወንጌል አጨበጨበች። እኔም ደስ ብሎኝ ያን ዕለት ላንተ ደውዬ አመሰገንኩህ፤ ታስታውሰው ይሆናል።

ሳምንት ሳይሞላው ነገሩ ተበላሸ። ትንሽ ነገር ስከፍት ፈጥኖ ይከፍታል፤ ከካሜራው የሰርግ ቪዲዮ ስገለብጥበት ግን ጥቂት ይሮጥና እንደ ደከመው አህያ ቆሞ ይቀራል። ቢያድግልኝን ጠራሁት። «እስቲ እንለካው» አለና የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ጫነልኝ። እንዴት እንደሚለካ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌላውን ሁሉ ዝጊ፣ ትልቅ ፋይል ምረጪ፣ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ይለካ፣ እስኪጨርስ አትንኪው አለኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ቁጥሩ ሲወጣ አየን። የመጀመሪያው ዙር 190 አለ። ሁለተኛው 70። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ላይ ተቀመጠ። በሰከንድ ሠላሳ አራት ሜጋ! ያንተን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ ከማያው አጠገብ ያዝኩት። አምስት መቶ ሠላሳ ስምንት ይላል።

ቢያድግልኝ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ። ሌላ ፕሮግራም ከፈተ፤ የዲስኩን ጤና የሚያሳይ ነው። አንድ መስመር ላይ ጣቱን አደረገ፤ ይህ ዕቃ 19,412 ሰዓት ሠርቷል ይላል። ሳሰላው ከሁለት ዓመት በላይ ቀንና ሌሊት ማለት ነው። «አዲስ ነው ብሎሽ ነበር?» አለኝ በቀስታ። አዎ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እዚያ አገር ያገለገለውን ጠራርገው በአዲስ ካርቶን እንደሚሸጡት ነገረኝ። «ደምለው መደብር ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፣ አያውቅም አይባልም። ግን ጨንቆት ይሆናል፤ ባዶ እጄን ከምሆን ብሎ ነው። አትፍረጂበት፤ እንዳትነግሪውም፣ ያፍራል» አለኝ። ወንድምዓለም፣ ስለ አንተ ያዘነ መስሎ ነው እንዲህ ያለኝ። ቢሰድብህ ኖሮ እጣላው ነበር።

መጀመሪያ ወደ ሽኩር ነበር የዞርኩት። መንገድ ላይ ካርቶኑን የከፈተው ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ደነገጠ፤ «ወላሂ ከወንድምሽ እጅ እንደተቀበልኩት ከመቀመጫዬ ሥር አልወጣም» አለኝ፣ ፊቱም ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ ለእናታችን የምትልከውን አድርሶ ከደጅ ይመለስ ነበር እንጂ ገብቶ ውሃም አልጠጣም። ይህን ለቢያድግልኝ ስነግረው እሱ ለሽኩር ተከራከረለት፤ ካርቶኑን ከነማሸጊያው የከፈትሽው አንቺው ነሽ፣ የሰው ስም አታጥፊ ብሎ ገሠጸኝ። ያኔ ፈጽሜ አመንኩት። ለማያውቀው ሰው እንዲህ የሚከራከር ስለ ወንድሙ አይዋሽም አልኩ።

በዚያው ሰሞን አንተ ደወልክ። «እንዴት ነው፣ 538 ያነባል አይደል?» አልከኝ እየሳቅህ። አሁን ሳስበው እንደ ልጅ ደስ ብሎህ ነው የጠየቅኸኝ። ያኔ ግን በላዬ ላይ የምትቀልድ መሰለኝ። «ጥሩ ነው» አልኩህ። አንዲት ጥያቄ ብጠይቅህ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ስጦታህ አሮጌ ነው ወይ ብሎ ወንድምን መጠየቅ ከበደኝ፣ እናም ዝም አልኩ።

ዝም ማለቴ ግን አላሳረፈኝም። በየወሩ መጀመሪያ ዲስኩን እለካው ጀመር፤ የወንጌልን አሮጌ ደብተር ወስጄ ቀኑንና ቁጥሩን እጽፋለሁ። ጥቅምት ላይ 31፣ ኅዳር ላይ 29፣ ታኅሣሥ ላይ 22። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር አንተ ከልቤ ትወርድ ነበር። አለነ አንድ ቀን ከእርሻ መጥቶ ደብተሩን አየና ይህ ምን ይጠቅምሻል ቢለኝ ተቆጣሁት። እንደ ቁስል ነው፤ እየነካኩ ማየት።

ጥር 2009 ላይ ቋራ ውስጥ ካለችው ከገለጉ ከተማ ሰዎች መጡ። የሴት ልጃቸውን ሰርግ ቋራ ድረስ ሄጄ ቀርጬላቸው ነበር። ሥራውን ልጨርስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ዲስኩ ቀጥ አለ፤ እንደገና ሲነሣ የሰርጉ ፋይል አልነበረም። የካሜራውን ካርድ ለሌላ ሰርግ ስለተጠቀምኩበት መመለሻም አልነበረኝም። የሙሽራዋ አባትና አጎት በጭነት መኪና ላይ አቧራ ሲጠጡ ውለው መጡ። የሳምንት ጊዜ ስጡኝ ብዬ መለስኳቸው። በሳምንቱ እንደገና መጡ፤ ያኔ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። አባትየው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ «እንግዲህ ያየነው ይበቃናል፤ ያላዩትም ይቅርባቸው» ብለውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት ጥፋቱን ሁሉ በአንተ ላይ ጫንኩት። በፋሲካ ስልኩን የዘጋሁብህ ስለዚህ ነው። ላንተ ድምፅ እንግዳ ሆንኩ፤ አንተም ለምን እንደሆነ አታውቅም።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። መስከረም አጋማሽ ላይ እስከዳር የምትባል የኮምፒውተር መምህርት የተማሪዎቿን ምርቃት ቪዲዮ ይዛልኝ መጣች። ከጎንደር ወደዚህ ከተመደበች ገና ዓመቷ ነው፤ ቀጥተኛ ልጅ ናት። ስገለብጥ ኮምፒውተሩ ሲያቃስት አይታ «ይህ ኤስኤስዲ ነው አልሽኝ? እስቲ ልየው» አለች። ለካችው፤ አሥራ ስምንት። የጤናውን ፕሮግራም ከፈተችና እኔ በዚያ ሁሉ ወር አንድ ቀን ያላነበብኩትን መስመር አነበበች። የፋብሪካ ስሙና መለያ ቁጥሩ የሚጻፍበት ነው። እኔ ትልልቁን ቁጥር ብቻ ነበር የማየው። «ከላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አንብቢልኝ» አለችኝ። የኮምፒውተሩን ጎን ፈትተን አነበብኩላት፤ መጨረሻው 7731 ነው። ፕሮግራሙ ግን በሌላ ቁጥር ይጨርሳል። የፋብሪካውም ስም ሌላ ነው። እስከዳር ደጋግማ አየችውና «ልብሱ የአንዱ፣ ሰውየው የሌላ ነው» አለችኝ።

ሽፋኑን የያዙት አራት ብሎኖች ራሳቸው ተፍቆ ነጭ ነጭ ብሏል፤ የፈታቸው ሰው ማንም ይሁን መፍቻው ተንሸራቶበታል። ፈታነው። ከውስጡ ያለው አረንጓዴ ሰሌዳ የቆየ ነው፣ ጥግ ጥጉ በሙቀት ጠቁሯል። ገልብጣ ሰጠችኝ። ከጀርባው በጥቁር እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ ቢ. 12/3/08።

ያን «ቢ» የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። እግሩን ወደ ውጭ አጥፎ የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው፤ ሰው እንዳያጭበረብረው ብሎ የጠገነውን ዕቃ ሁሉ ስሙንና ቀኑን ይጽፍበታል። ቀኑን ደግመህ እየው፦ ኅዳር 12 ቀን 2008። አንተ ዲስኩን የላክህልኝ ነሐሴ ላይ ነው። ካንተ ዕቃ ዘጠኝ ወር ቀድሞ እሱ ሱቅ የነበረ፣ ሠርቶ ሠርቶ የደከመ የሌላ ሰው ዲስክ ነው። ልብሱን ገፎ አለበሰውና «ወንድምሽ የላከልሽ ይህ ነው» አለኝ። 19,412 ሰዓቱን በጣቱ ሲያሳየኝ ራሱ ያስቀመጠውን ነበር የሚያነብልኝ።

እስከዳር ጽሑፉ የማነው ብትለኝ የወንድሜ ነው አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ እኔም አላስረዳኋት። ሁለቱን ፕሮግራሞች በፍላሽ ገለበጠችልኝ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሰሌዳውን በመሐረብ ጠቅልዬ መናኸሪያ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ በስልካቸው ዘፈን የሚያስጭኑ ሁለት አጫጆች ነበሩ። ቢያድግልኝ ሲያየኝ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ወንበር ጎተተልኝ። «ኮምፒውተርህን ልለካው ነው የመጣሁት» አልኩት። ሳቀ፤ «ምን ታደርጊበታለሽ?» አለኝ። «አንተ ያስተማርከኝ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አልኩት። መሳቁን ተወ። ግን አልከለከለኝም። ፍላሹን ሰክቼ፣ እንዳስተማረኝ ሌላውን ሁሉ ዘግቼ፣ ትልቁን ፋይል መርጬ አስጀመርኩት። ሁለታችንም ቆመን ማያውን እናያለን። እንዲያው ለአፍታ «ምነው ሠላሳ አራት ባወጣ» ብዬ ተመኘሁ፤ እውነቴን ነው። ከእሱ ጋር ከምለያይ በሞኝነቴ ብቀር ይሻለኝ ነበር። የመጀመሪያው መስመር ላይ 531 ወጣ። ሲጽፍ 490። አምስት ዙር ሲደጋግም ከዚያ ንቅንቅ አላለም። የጤናውን ፕሮግራም ከፈትኩ፤ መለያ ቁጥሩ መጨረሻው 7731 ነው። መሐረቡን ፈትቼ ሰሌዳውን በጽሑፉ በኩል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ከአጫጆቹ አንዱ «የኛ ዘፈን አልሞላም ወይ?» አለ። ቢያድግልኝ ነገ ኑ ብሎ ሸኛቸውና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ልመልስልሽ ነበር» አለኝ።

መቼ አልኩት። ከዚያ ስለ ሱቁ ማውራት ጀመረ፤ አንቺ በዓመት አሥር ሰርግ ብትሠሪ ነው፣ እኔ ጋ በመከር ጊዜ በቀን መቶ ሰው ይመጣል፣ ቶሎ ካልጫንኩለት ወደ ሌላው ሱቅ ይሄዳል አለኝ። ከተማው ሁሉ ፈጣኑ ቢያድግልኝ ነው የሚለው በዚያ ዲስክ ነው ለካ። «ዕቃውን ተወው። ስለ ደምለው ያልከኝን ንገረኝ» አልኩት።

ያኔ ፊቱ ተለወጠ። «እሱ ላንቺ ይልካል፣ ለእናታችንም ይልካል» አለኝ። «እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልግልኝ፣ ልምጣ ስለው፣ ቆይ ከማለት በቀር ምን አደረገልኝ? ያን ቀን እናንተ ጋ ካርቶኑን ሳገላብጥ እንዲያው ለእኔም ነገር ይኖራል ብዬ ፈለግሁ። ወረቀቷን አነበብኳት። ሰላም በሉልኝ እንኳን አላለም።» ይህን ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን አላዘንኩለትም። «ስለዚህ ከዲስኩ ጋር ወንድሜንም ወሰድክብኝ?» አልኩት። ራሱን ደፋ። ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ፣ ብሎኑን ፈትቶ ዲስኩን ነቅሎ በእጄ ሰጠኝ። ሲሠራ ስለነበር ትኩስ ነበር። አመሰግናለሁም፣ ይቅርም ሳልል ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ወረቀትህን እንደገና አየኋት። እውነት ነው፤ ለእናታችን፣ ለወንጌልና ለአለነ ሰላምታ አለ፣ የእሱ ስም የለም። ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም። አንዱንም አልደብቅህም ስላልኩ ነው። የረሳኸው ይመስለኛል፤ የረሳኸው ሰው ግን አልረሳህም።

ለእናታችን በማግሥቱ ጠዋት ነገርኳቸው። መጀመሪያ «ተሳስተሽ እንዳይሆን» አሉኝ። ሰሌዳውን አሳየኋቸው። ማንበብ ባይችሉም ጽሑፉ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ። እኔ የጠበቅሁት እሱን እንዲረግሙት ነበር። «ይህን ሁሉ ጊዜ ደምለው ዋሸኝ ብለሽ ነው ያኮረፍሽው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እሱስ እኔ ባሳድገውም የሰው ልጅ ነው። አንቺ አንድ ጡት ጠብተሽ እንዴት አመንሽበት?» አሉኝ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሥራ ስቀመጥ የሚታየኝ የቢያድግልኝ ፊት አይደለም፤ ያ ደብተር ነው። በገዛ እጄ፣ በየወሩ፣ ቀን እየጻፍኩ ያንተን ክስ የመዘገብኩበት።

ባለፈው ሐሙስ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ሽኩርን ይቅርታ ጠየቅሁት። መኪናው ሥር ጥላ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ነገሩን ሁሉ ስነግረው ብርጭቆውን አስቀምጦ ሰማኝ፤ «መዓለሽ» አለኝ እንደ ሱዳኖቹ፣ ይቅር ይበልሽ ማለቱ ነው፤ ለእኔም ሻይ አስቀዳልኝ። ስለ ራሱ ሌላ አልተናገረም። «ወንድምሽ ግን በመጣሁ ቁጥር ዙፋን ሳቀች ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ምን እንደምለው ይጨንቀኝ ነበር» አለኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህም እሱ ነው።

ዲስክህ አሁን ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። እስከዳር ገጥማልኝ ለካነው፤ 264 አለ። እንደገና ደነገጥኩ፤ ደግሞ ምን ሊሆን ነው አልኩ። እሷ ግን ኮምፒውተርሽ አሮጌ ስለሆነ መሰኪያው ከዚያ በላይ አያሳልፍም፣ ዲስኩ ምንም አልሆነም ብላ አስረዳችኝ። ቢያድግልኝ በቅን ልብ ገጥሞት ቢሆን ኖሮ እንኳ እኔ ቤት 538 አይሞላም ነበር ማለት ነው። ያኔ 264 ቢያወጣና ብጠይቅህ አንተ ራስህ ይህን ትነግረኝ ነበር። ስንት ሰው ያለ ማንም ክፋት ቁጥር ጎደለ ብሎ ተጣልቶ ይሆን? የእኔ ግን ክፋት ነበረበት፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ባለፈው እሁድ ቢያድግልኝ መጣ። በአጥሩ በኩል ቆሞ አልገባም፤ አልተጣራምም። እናታችን አዩትና ወጡ። ግባም አላሉት፣ ሂድም አላሉት። ተመልሰው ገብተው ምሳ በሳህን ይዘውለት ወጡ። በዚህ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት መሶብ ከበው ያበሉት ሰው እንደ መንገደኛ አጥር ተደግፎ ቆሞ በላ። እኔ በመስኮት አየሁት። ሳህኑን ሲመልስ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ቢል እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ለእሱ ይሁን ለእናታችን ወይስ ለራሴ አልለየልኝም።

ሲሄድ ለእናታችን አንድ ነገር ለምኗቸዋል፤ ለደምለው እንዳትነግሩት ብሏቸዋል። እናታችንም ገብተው ያንኑ ለመኑኝ፤ «በሰው አገር ሆኖ ልቡ ይሰበራል፤ ወንድሜ ነው ብሎ እንዳመነው ይኑር» አሉኝ። የእናታችንን ቃል ጥሼ አላውቅም። ይህን ግን እንቢ አልኳቸው። አሥራ አራት ወር ሳልጠይቅህ ፈርጄብሃለሁ፤ ከእንግዲህ ስላንተ የሚወሰን ነገር አንተ ሳትሰማው በዚህ ቤት አይወሰንም አልኳቸው። ደብዳቤውን ስጀምር ግን እስክሪብቶውን ከመደርደሪያ አውርደው ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው።

ቢያድግልኝን በተመለከተ የምትሠራውን አንተ ታውቃለህ። ልትደውልለት ትችላለህ፣ ልትተወውም ትችላለህ። እኔ መንገድ ላይ ሳየው ማዶ እሻገራለሁ፤ ይቅር በዪው ብለህ በሰው እንዳትልክብኝ፣ ገና አልቻልኩም። ለእኔ ግን ይቅርታ አድርግልኝ አልልህም፣ መጀመሪያ ተቆጣኝ። የሚገባኝን ሳልሰማ ብትምረኝ አያርፍልኝም።

ለሠላማዊት ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በፋሲካ ከጎንህ ሆና ሰላም ልትለኝ ስልኩን እየጠበቀች እንደነበር ከሽኩር ሰምቻለሁ፣ እሷንም በድያታለሁ። ካሌብን ግንባሩን ሳምልኝ። እናታችን «ወገብህን በነጠላ አስረህ ዕቃ አንሣ፤ ማታ ማታም ጸሎትህን አትተው» ብለውሃል። ወንጌል አጎቴ ሲመጣ የሚያየው ብላ የሣለችውን የሲምቢል ዛፍ ልኬልሃለሁ፤ ዛፉ ቀይ ነው፣ «ለምን ቀይ ሆነ?» አትበላት። አለነ ከቋራ በላከው ሰው ሰላም በሉልኝ ብሏል። ጎረቤታችን ባየሽም ስላንተ ሳትጠይቀን ውላ አታውቅም።

እህትህ ዙፋን

ገንዳ ውሃ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.